ሰምና እበት

አንድ ሰው ቤት ሠራ በተባለ ጊዜ በአገራችን ልማድ አስቀድሞ የሚጠየቀው ክዳኑ ነው፤ ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ ይባላል፤ ቀጥሎም ስንት ክፍል እንዳለው፣ ግድግዳው ድንጋይ ይሁን ጭቃ፣ ደጃፉ ወደ ምሥራቅ ይዙር ወደ ምዕራብ ይመረመራል፤ ስለ ወለሉ ግን፣ ባለቤቱም እንግዳውም ከገቡበት ሰዓት ጀምረው እስኪወጡ ድረስ ሸክማቸውን ሁሉ የጣሉበት እርሱ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ሰው ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አርባ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ከዚሁ ሕዝብ አንዱ ነበርሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከወለል ጋር ተጣላሁ፤ ጠቡም አሁን የምተርክላችሁን ያህል ነገር አመጣብኝ።

ትውልዴ ላይ ጋይንት፣ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከነፋስ መውጫ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ቀበሌ ነው። ከተማይቱን ነፋስ መውጫ ብሎ የሰየማት ሰው በሐሰት አልመሰከረም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና፣ ነፋሱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ሲወርድ ሁልጊዜ በእኛ ቤት በር ገብቶ በጓዳው ቀዳዳ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

በእናቴ ቤት ወለል ማለት ምድር ራሷ ናት፤ ከደጅ ካለችው ምድር የምትለየው በባሕርይ ሳይሆን በሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም ልቅለቃ ይባላል። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበት ናቸውና ልቅለቃው የሚውለው ዓርብ ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ከብቶቹ ከበረት ሳይወጡ፣ እኅቴ አዛባውን በእጇ ትዝቃለች፤ እናቴም ከዚያ ውስጥ ትኩሱንና ገለባ ያልበዛበትን ለይታ፣ የተነፋ ዐመድና ጥቂት አፈር ጨምራ፣ ውኃ እያርከፈከፈች እንደ ሊጥ ታሸዋለች። ከዚያ በፊት ግን ወለሉ ይጠረጋል፤ በምሰሶው ሥር የተቦረቦረው፣ በምድጃው ዙሪያ የተሰነጠቀው፣ ፍየሏ በሰኮናዋ የቆፈረችው፣ አጎቴ ወሬ ሲያወራ በዱላው ጫፍ የነደለው ሁሉ በጭቃ ይደፈናል። እንግዲህ ከጓዳ ጀምራ፣ ተንበርክካ፣ ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች፣ በመዳፏ ግማሽ ክብ ግማሽ ክብ እያደረገች ትለቀልቀዋለች፤ በሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ቀና ትላለች፤ እኛ ልጆቹም እስኪደርቅ ድረስ እንደ ንኡሰ ክርስቲያን ደጅ ቆመን እንጠብቃለን። ሲደርቅ የመዳፏ መስመር እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይታያል፤ ሽታውም የሣር ሽታ እንጂ ሰው እንደሚያስበው የሌላ ነገር ሽታ አይደለም።

ሊቃውንት ስለ እበት የጻፉት ድርሳን ስላላጋጠመኝ ምሥጢሩን ራሴ ለመመርመር ተገድጃለሁ። ላም ሣሩን በአራት የሆድ ክፍል ብታመላልሰውም ክሩን ሁሉ አትፈጨውም፤ የቀረው ጭረት ከአፈሩ ጋር ሲታሽ፣ በምርጊት ጭቃ ውስጥ ያለ ጭድ ግድግዳውን እንደሚይዘው፣ ወለሉን አያይዞ አቧራው እንዳይነሣ ያደርገዋል። ገበሬው አውድማውን በእበት የሚለቀልቀው ስለዚሁ ነው፤ ጤፍ የምታህል ፍሬ በባዶ አፈር ላይ ብትወቃ እንጀራው ሁሉ አሸዋ ይሆን ነበርና። ነገር ግን እበት ባለ መብቱ ብዙ ነው። ከጉና በታች ያለው ጫካ ከተመናመነ ወዲህ ምድጃው ኩበቴን ስጡኝ ይላል፤ እርሻው ፍግ አጣሁ ብሎ ያኮርፋል፤ አውድማው በኅዳር ድርሻውን ይጠይቃል፤ ወለሉ ዓርብ ዓርብ ይጠብቃል፤ በቤታችን የነበሩት ግን ሁለት በሬዎችና አንዲት ላም ብቻ ነበሩ። አባቴና እናቴ ስለ ገንዘብ ሲጣሉ አይቼ አላውቅም፤ ስለ እበት ግን ሽማግሌ የገባበት ጊዜ አለ።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ዓርብ ይታለፋል፤ ስቅለት ነውና ቀኑ በስግደት ይውላል፤ ልቅለቃውም ለቅዳም ሥዑር ይተላለፋል፤ በስሙም የተሻረ ሰንበት ነው። ታዲያ በዚያ ቀን ካህናት ቄጤማ ይዘው የትንሣኤውን የምሥራች በየቤቱ ያዞራሉ። አንድ ዓመት የነፍስ አባታችን ወለሉ ገና እንደ ገንፎ በሚለሰልስበት ሰዓት ደረሱ፤ አባታችን ቆዩ ማለት ነውር ነው፣ ይግቡ ማለትም ጥፋት ነው፤ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታመነታ እርሳቸው ባርከው ገቡ፤ ቀኝ እግራቸውም ከምሰሶው አጠገብ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጠለቀ። ከሄዱ በኋላ እኅቴ ልትደፍነው ስትንበረከክ እናቴ እጇን ያዘች፤ በረከት ነው አለች። ያ የእግር ቅርጽ እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ሳይነካ ቆየ፤ አባቴም በእነዚያ ስምንት ቀናት አራት ጊዜ ተደናቅፎበት፣ በአራተኛው ጊዜ ጠላ የሞላ ዋንጫ ይዞ ስለ ነበር በካህናት ላይ መናገር የማይገባውን ቃል ተናገረ።

ከዚያች ቤት ወጥቼ ድጓ እንድማር ወደ ቤተልሔም ተላክሁ። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ መመስከሪያ ናት፤ በሌላ ደብር የተማረ ሊቅ እንኳ ቢሆን ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ወደ እርስዋ መጥቶ ማስመስከር ይገባዋል፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነው ዙር አምባም በዚያው በጋይንት ምድር ስለሚገኝ፣ አገራችን በእህል ብትጠብ እንኳ በዜማ ሰፊ ናት። ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቼ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ቁራሽ እየለመንሁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጥሁ። የተማሪ ጎጆ ወለል የሚለቀልቀው እናት የለውምና ቁንጫው ከእኛ ቀድሞ የገባ፣ ከእኛም ይልቅ በትምህርቱ የጸና ነበር፤ ሌሊቱን በሙሉ ሲያነቃን ስለሚያድር መምህራችን ስለ ትጋታችን ይሰጡን የነበረው ምስጋና እኩሌታው ለእርሱ የሚገባ ነበር።

የዚያች ደብር ትልቁ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከድንጋይና ከእንጨት የታነጸ እጅግ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን በሆዱ ይዞ እንደ ካባ ደርቦ የሚኖር መሆኑን ያወቅሁት ግን፣ ለማለት የሚያሳፍር ቢሆንም፣ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም ቶማስ ፓክንሃም የተባለ እንግሊዛዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ስለ እርስዋ መጻፉን ሰው ነግሮኝ ነው። ፈረንጁ ከባሕር ማዶ መጥቶ ያየውን እኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስመላለስ አላየሁትም፤ ዓይኔ በድጓው ምልክትና በቁራሼ ላይ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ግን የግንበኛው ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ያ እንጨት ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው ከላዩ ዝናብ የሚከለክል ክዳን ስላለው፣ ወደ ቤተ መቅደስም ማንም ከነጫማው የማይገባ ስለሆነ ነው። ሙሴ በደብረ ሲና ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘበትን ምክንያት መተርጉማን በብዙ መንገድ ያመሰጥሩታል፤ እኔ የወለል ባለ ዕዳ ከሆንሁ ወዲህ የራሴን አንድ ትርጓሜ ጨምሬበታለሁ፤ በሊቃውንት ፊት ግን አላቀርበውም።

ድጓውን ሳልፈጽም አዲስ አበባ ገባሁ፤ ጸሐፊ ሆንሁ፤ አገባሁ፤ ከአራት ኪሎ በታች አንድ አሮጌ ቤት ተከራየሁ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱና ነጋዴዎቹ በሕንድና በአርመን ግንበኞች እያሠሩ ካቆሟቸው ቤቶች ብዙዎቹ ወለላቸው የጥድ ጣውላ ነበር፤ ጣውላውም በድንጋይ መሠረት ላይ ከምድር ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ከሥሩ ነፋስ የሚመላለስበት ነው። አከራዬ ቤቱ ከእነዚያ አንዱ ለመሆኑ በጊዮርጊስ ይምላል፤ እኔ የምመሰክረው ነፋሱ በእርግጥ ይመላለስ እንደ ነበር ብቻ ነው። ከጉና ሸሽቼ የመጣሁት ነፋስ ከእግሬ ሥር በጣውላው ስንጥቅ ብቅ ብሎ ሲቀበለኝ የአገሬ ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን እስከ ኅዳር ብቻ ቆየ።

ከነፋሱ የባሰው ዜማው ነበር። ከበሩ ሦስተኛው ጣውላ ሲረገጥ በግዕዝ ይጮኻል፤ ድምፁ ደረቅና ቀጥ ያለ ነው። ከአልጋው ግርጌ ያለው በዕዝል ይመልሳል፤ ወፍራምና ዘለግ ያለ ነው። የጓዳውን ደፍ ተጠግቶ የተመታው ግን የለየለት አራራይ ሲሆን ሌሊት ውኃ ሊጠጣ የተነሣውን ሰው ኃጢአቱን አስታውሶ ያስለቅሰዋል። በቤተልሔም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያልገባኝ የቅዱስ ያሬድ ሦስቱ ዜማ በኪራይ ቤቴ ወለል ላይ ተከሥቶ ተገለጠልኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባለቤቴ ደግሞ ቅኔ ማኅሌት ገብታ የማታውቅ ስትሆን በአንድ ዓመት ውስጥ ሊቅ ሆነች፤ ከባልንጀሮቼ ጋር አምሽቼ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በእግሬ ጣት እየተራመድሁ ስገባ፣ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሳትወጣ፣ «ዛሬ ደግሞ ግዕዙን ዘለህ በዕዝል ጀመርህ» ትለኛለች።

አናጺ አስጠራሁ። መጥቶ ተንበርክኮ ጆሮውን በጣውላው ላይ አሳረፈና እንደ ሐኪም እያንኳኳ መረመረ፤ ከዚያም በማላውቀው ቋንቋ ይናገር ጀመር። ሞራሌው ለቋል አለ፤ ዞኮሎው ይነሣል አለ፤ ስንጥቁ በኮላና በሰጋቱራ ይሞላል፣ ሌላው በስቱኮ ይደፈናል፣ በመጨረሻም ሰሙ በአኳራጅ ይሟሟል አለ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ሲባረር ቃላቱን ለመሰብሰብ ጊዜ ሳያገኝ በየአናጺው ኮሮጆ ውስጥ ጥሏቸው እንደ ሄደ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው፤ ጣውላ የሚለው ቃል እንኳ የእርሱ ኖሯል። ከዚህ ሁሉ የቃል ሠራዊት መካከል መዶሻ በአገር ልጅነቱ ጸንቶ መገኘቱ ጥቂት አጽናናኝ።

ነገር ግን ያ ሰው መሀይም አልነበረም፤ እንዲያውም ስለ እንጨት ከእርሱ የተማርሁትን የሚያህል በመጽሐፍ አላነበብሁም። «ጋሼ፣ እንጨት እንደ ሰው ነው» አለኝ፤ «ሲደርቅ ጎኑ ይከሳል እንጂ ቁመቱ አያጥርም።» እውነትም ነው፤ እንጨት ውኃው ሲወጣለት በወርዱ ይሰበሰባል፤ በርዝመቱ ግን የሚቀንሰው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ስለዚህ የወለል ስንጥቅ ሁልጊዜ ከጣውላው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። የቀድሞው ወለል ጥድ ነበር፤ ጥድ በሽታውና በዘይቱ ምስጥን የሚያርቅ፣ ረግቶ የሚቀመጥ እንጨት ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረ ተከራይ ግን የተበላሸውን በባሕር ዛፍ ተክቶታል፤ ያውም ውኃው ሳይወጣለት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ወለል ላይ ከተመታ በኋላ መድረቅ ሲጀምር ይከሳል፣ ይጣመማል፣ ምስማሩን ከሞራሌው ነቅሎ ይነሣል፤ ሰው በረገጠው ቁጥር ጣውላው በላላው ምስማር ላይ እየወጣና እየወረደ ይፋተጋል፤ ያ ፍትጊያ ነው እንግዲህ ግዕዝና ዕዝል እየሆነ የሚሰማኝ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያዳነ ዛፍ ነውና ክፉ ልናገረው አልደፍርም፤ ዛሬ ጋይንትም የምትሞቀው፣ ቤቷንም የምታቆመው በእርሱ ነው፤ ብቻ ወለል ከመሆኑ በፊት ዓመት ሙሉ በጥላ ተደርድሮ ነፋስ ሊጠጣ ይገባዋል።

በጥር ወር ስንጥቁ ሁሉ በኮላና በሰጋቱራ ተሞላ፤ ወለሉ እንደ መስታወት ሆነ፤ እኔም ሰው ሁሉ መጥቶ እንዲያየው ጋበዝሁ። ሐምሌ ሲገባ እንጨቱ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ወፈረ፤ የሚሰፋበት ቦታ በኮላ ተደፍኖበት ነበርና ወደ ላይ ተነሣ፤ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በቤቴ መካከል እንደ ግመል ሻኛ ያለ ጉብታ ቆሞ ጠበቀኝ። አናጺው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን በትሕትና። ጣውላዎቹን አንሥቶ ጠርዛቸውን በመላጊያ ላጋቸው፤ በግድግዳው ዙሪያ ከዞኮሎው ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወላቸው፤ ምስማሩንም በብሎን ለወጠው። ይህን በመጀመሪያ ለምን እንዳላደረገው ብጠይቀው፣ በመጀመሪያ የጠሩኝ እንዳይጮኽ ነው እንጂ እንዳይነሣ አይደለም አለኝ።

ጣውላው ተነሥቶ ሳለ ከሥሩ ያለውን ጨለማ በፋኖስ አየሁት። የምድር ወለል የወደቀበትን ሁሉ በሳምንቱ በእበት ሸፍኖ ይረሳዋል፤ የጣውላ ወለል ግን እንደ መዝገብ ቤት ሁሉንም ያስቀምጣል። መርፌ አሥራ አንድ፣ ቁልፍ ቁጥር የሌለው፣ የልጅ ጥርስ፣ ማኅተቡ የተበጠሰ መስቀል፣ የአይጥ ጎጆ የሆነ የአቤቱታ ማመልከቻ፣ ደግሞም በላዩ 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት አንድ ስሙኒ ተገኘ። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ጠፋብኝ ያለችውን፣ እኔም አላየሁም ብዬ የማልሁበትን የጆሮ ጉትቻ በዚያው አገኘነው፤ ስለዚያ ነገር ግን በዚህ ወግ ውስጥ ብዙ አልጽፍም።

ከዚህ በኋላ የመፋቁ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። በብርጭቆ ወረቀት ወለል መፋቅ ለንስሐ ሰው የሚታዘዝ ቀኖና ቢሆን ብዙ ኃጢአት ከምድር ይጠፋ ነበር ብዬ አምናለሁ። እንጨቱ ባደገበት አቅጣጫ እንጂ አግድም አይፋቅም፤ አግድም የተፋቀ ጭረቱ ሰም ሲቀባ ጎልቶ ይወጣና ለዘላለም ይመሰክርብሃል። በመጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ እንደ ግመል ጉልበት ሆኖ ጨረስሁ። ከዚያ ሰሙ መጣ። ንጹሕ የንብ ሰም ከመርካቶ ገዛሁ፤ በብረት ድስት አድርጌ ድስቱን በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ አቀለጥሁት፤ ከእሳት አርቄ አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ አኳራጅ በጠበጥሁት። ከእሳት አርቄ የሚለውን የጻፍሁት በሁለተኛው ጊዜ ያደረግሁትን ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ አላራቅሁትም ነበር፤ ቅንድቤ እስከ ፍልሰታ ድረስ አልበቀለም። በወጣትነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ሰምና ወርቅ መለየት ያቃተኝ ሰው፣ እነሆ ሰሙ በወለሉ ላይ ሲቀር ወርቁ ከኪሴ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ።

ሰም በስሱ ይቀባል፤ ወፍራም ከሆነ አቧራ ይይዛል፤ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላም በቡርሽ መታሸት አለበት። ቡርሹን በእግሬ ሥር አድርጌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስሄድ ሳላስበው እግሬ የወረብ እርምጃ ያዘ፤ መጥረጊያውን እንደ መቋሚያ ትከሻዬ ላይ አስደግፌ ያሸበሸብሁ ዕለት ወለሉ እንደዚያ ሆኖ አብርቶ አያውቅም። ከቤተልሔም ትምህርቴ እስከ ዛሬ ፍሬ ያፈራው በዚህ ብቻ ነው።

ወለሉ ካበራ በኋላ ቤቱ የሰው ቤት መሆኑ ቀረ። እንግዳ ሲመጣ ጫማ አውልቁ ማለት ግድ ሆነ፤ የተከበሩ ሰዎች የተቀደደ ካልሲያቸውን ለመሸሸግ አንዱን እግር በሌላው ላይ ደርበው እንደ ሽመላ ቆመው ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሊቀመጥ ሲል ተንሸራቶ ከመቀመጫው ወዲያ ማዶ ተቀመጠ። ከስማዳ የመጣው አጎቴ ደግሞ ደፉ ላይ ቆሞ ወለሉን በዱላው ሁለት ጊዜ መታው፤ ባዶ ድምፅ ሲመለስለት ፊቱ ጠቆረ። «ከሥሩ ጉድጓድ አለ?» አለኝ። ነፋስ እንዲያልፍበት ነው ብዬ አስረዳሁት። በሕይወቱ ሳለ በጉድጓድ ላይ እንደማይተኛ፣ ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ እንዳለው ነግሮኝ በረንዳው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ አደረ።

እናቴ የመጣችው ዓመቱ ተለውጦ በጥቅምት፣ ዓይኗን ለመታከም ነው። በሩን እንዳለፈች ቆመች፤ አየሩን ሳበችና አማተበች።

«ልጄ፣ ጧፍ ጧፍ ይሸተኛል፤ ታቦት በቅርብ አለ እንዴ?»

«ሰም ነው እማየ፤ ወለሉን ሰም ቀብተነው ነው።»

ዓይኗ ደክሞ ነበርና ተንበርክካ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጣቷንም አሸተተች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በእኛ አገር ንብ ያላት ሴት ሰሙን አትሸጥም ማለት ይቻላል፤ ማሩን ቤተ ሰቡ ይልሰዋል፣ ሰሙ ግን ጧፍ ይሆንና በየወሩ ለሚካኤል ይገባል።

«እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ «ንቧ ስንት አበባ ዞራ ያመጣችውን፣ ቄሱ በእጃቸው የሚይዙትን፣ አንተ በእግርህ ትረግጠዋለህ።»

እኔም ተከራከርሁ፤ ሰሙ እንጨቱን ከውኃ እንደሚጠብቀው፣ ይህ የከተማ ሥርዓት እንደሆነ ተናገርሁ፤ ክርክሩም ሲያይልብኝ ማለት የማይገባኝን አልሁ፤ እበት ከመለቅለቅ ግን ይሻላል አልሁ። እናቴ አልተቆጣችም። እህል የሚወቃው በምን ላይ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ነው አልሁ። ከዚያ እህል ለቤተልሔም የሚገባው መሥዋዕት ይጋገር እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ይጋገራል አልሁ። ጌታ የተወለደበት ቤት ወለሉ ምን እንደ ነበር ጠየቀችኝ፤ ዝም አልሁ። «በረት ነው» አለች ራሷ መልሳ፤ «ቤተልሔም ተምረህ ይህን ሳታውቅ ወጣህ?»

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ማታ እንደ ልማዴ አምሽቼ ተመለስሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ከበሩ ሦስተኛውን ጣውላ ስረግጠው አልጮኸም፤ ተገረምሁ። ዕዝሉም ዝም አለ፤ በጓዳው ደፍ አራራይ ጠፋ፤ ካገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይሰማኝ አልጋዬ ደረስሁ፤ በልቤም አናጺውን መረቅሁት። ሲነጋ ግን ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ፣ በጥሩ ሁኔታ ከተለቀለቀ፣ የዓሣ ቅርፊት ከሚመስል አረንጓዴ ወለል ላይ፣ የእኔ የባዶ እግር ቅርጽ አሥራ አራት ሆኖ ተሰልፏል፤ ባለቤቴም በአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ትቆጥረዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግቢያችን በስተኋላ ሁለት የፈረንጅ ላሞች የሚያረቡ ወተት ሻጭ ጎረቤት አሉ፤ እበታቸውን የሚወስድላቸው አጥተው ሲጨነቁ እናቴ ደረሰችላቸው። ባለቤቴ ገበያ ወጥታ ስትመለስ ሥራው አልቆ፣ የስድስት ዓመት ልጄ እስከ ክርኗ በእበት ተነክራ፣ አያቷ አጠገብ ተንበርክካ የመጨረሻውን ግማሽ ክብ ስታዞር አገኘቻቸው። የእናቴ ሐሳብ ቤቱን ማስቀየም አልነበረም፤ እንዲያውም ስንጥቁ ነፋስ እያስገባ የልጅ ልጆቿን እንዳይመታ አስባ ነው። የእግሬንም ቅርጽ ጧት ዳስሳ አገኘችውና፣ «የነፍስ አባት መጥተው ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ልቅለቃው የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። ጣውላ ሲረገጥ ይታጠፋል፣ እበት ግን ከደረቀ በኋላ አይታጠፍም፤ ከሥሩም ሰም ስላለበት የሚይዘው አጣ፤ በአራተኛው ቀን መሰንጠቅ፣ በሰባተኛው ቀን እንደ ቂጣ ፍርፋሪ መነሣት ጀመረ። እናቴ በየማለዳው እየዳሰሰች ስትከታተለው ሰንብታ በዘጠነኛው ቀን ፈረደች። «ይኸማ ምድር አይደለም፤ ይነቃነቃል» አለችኝ፤ «ለሚነቃነቅ ነገር እበት አይሆነውም፤ ፋቀው።» ቢላዋ ይዤ ተንበረከክሁ፤ እርሷም አጠገቤ ተንበርክካ እስከ ማታ ድረስ አብራኝ ፋቀች፤ በመካከሉም የጋይንትን ወሬ፣ የሞተውን፣ የተዳረውን፣ የላሟንም የመውለጃ ወር ነገረችኝ። ወለሉ ንጹሕ ሲሆን ግዕዙ ተመለሰ፤ እናቴም ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችና የቤተልሔሙ መሪጌታ ሲያስነጥሱ እንደዚያ ነበር አለች።

ልትሄድ ስትነሣ በጓዳ የተቀመጠውን፣ አኳራጅ ያልነካውን የሰም ቁራጭ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አገኘኋት። ዓይኔን አይታ፣ «ለኅዳር ሚካኤል ነው» ብቻ አለች። እንግዲህ ሰሙ በወረታ ወልድያ መንገድ፣ በአውቶቡስ፣ ከእርሷ ጋር ተሳፍሮ ጉናን ወጣ፤ በኅዳር ሚካኤልም ጧፍ ሆኖ እንደ በራ እኅቴ በስልክ ነገረችኝ። ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ ያለው ወለል ግን እስከ ዛሬ ሰም ሳይነካው አለ፤ በስንጥቁ ውስጥ ቢላዋ ያልደረሰበት እበት ቀርቷል፤ ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥልና እንጨቱ መወፈር ሲጀምር፣ ቤቱ ለሁለት ለሦስት ቀን ሣር ሣር ይሸታል።